ወደ ኋላ የሚራመደው ሰው

«ዛሬ ዝግ ነው፤ ለመኪናሽ ሌላ ቦታ ፈልጊለት» አላት ዘበኛው፣ የብረቱን በር በግማሽ ከፍቶ ራሱ መሀሉ ላይ እንደ መዝጊያ ተገትሮ።

ኢንስፔክተሯ መኪና የላትም። በአውቶቡስ መጥታ የቀረውን መንገድ በእግሯ ነበር የጨረሰችው። ግን ሰውዬው እንዲህ ቆፍጠን ብሎ ሲናገር ባልደረቦቿ «ማንም እንዳይገባ» ብለው ያዘዙት መሰላትና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ትዕዛዝ ማስጣስ የማትወድ ሰው ናት። ዘበኛው በበኩሉ ለመኪናዋ ቦታ አጥታ ለመለመን ያፈረች ሴት መሰለችውና አዘነላት።

«የኔ ልጅ፣ ብትቆሚም አይጠቅምሽም» አለ ለስለስ ብሎ። «ላይ ሰው ሞቶ ተገኝቷል። አንድ ኃይለኛ ኢንስፔክተር ይመጣል ተብሏል። እሱ መጥቶ አይቶ እስኪሄድ ዝንብ እንኳ አላሳልፍም።»

«አባባ፣ ይመጣል የተባለው እኔ ሳልሆን አልቀርም» አለች፣ ይቅርታ የምትጠይቅ ያህል።

ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አያት። ሊስቅ አፉን ሲከፍት ሳጅኑ ከላይኛው ወለል ጠርዝ ብቅ ብሎ፣ «ኢንስፔክተር፣ ሟቹ ወርዶ እስኪቀበልዎት ነው የሚጠብቁት?» ሲል ተጣራ። ዘበኛው ቆቡን አወለቀ፤ መልሶ አጠለቀው፤ እንደገና አወለቀው። ከዚያ በኋላ ምንም ሲጠየቅ ቆቡን በእጁ እያዟዟረ ነበር የሚመልሰው።

ሕንፃው የመኪና ማቆሚያ ነው። በሥራ ቀን ቦታ አይገኝበትም፤ እሑድ ጠዋት ግን ባዶ ነው። የላይኛው ወለል ጣሪያ የለውም። ነጭ መስመሮች ተሰምረውበታል፤ በየመስመሩ ጫፍ መኪና እንዳያልፍ የሚያግድ ዝቅ ያለ የኮንክሪት ደፍ አለ፤ ዙሪያውን ደረት የሚደርስ ግንብ ከቦታል። ሟቹ ግንቡን ተደግፎ፣ እግሮቹን ዘርግቶ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አሳርፎ ተቀምጧል። ላየው ሰው ትንፋሹን ለመሰብሰብ አረፍ ያለ ይመስላል። ጎልማሳ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ጭንቅላቱ ትልቅ። መዳፎቹ በቆዩ ቀጫጭን ጠባሳዎች ተሸነታትረዋል።

ከጎኑ አንድ ጥቁር ነገር ተጋድሟል። ጉልበት የሚደርስ ወፍራም ጎማ ነው፤ ግራና ቀኙ የሚረገጥበት ብረት አለው፤ መሪም መቀመጫም የለውም።

«የቀረውን ብስክሌት ሌባ ወስዶት ይሆናል» አለ ሳጅኑ።

ኢንስፔክተሯ እንዲህ ያለውን በመንገድ ላይ አይታ ታውቃለች። በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ በራሱ ሚዛን የሚጠብቅ ባለ አንድ ጎማ መንጃ ነው፤ ሰዎቹ ቀጥ ብለው ቆመውበት እንደ መንፈስ ሽው ይላሉ። በጎማው ላይ አንድ ሄልሜትና የእጅ አንጓ መከላከያ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሄልሜቱ ጭረት የለውም፤ ማሰሪያው ጠብቆ ጠብቆ አጭር ሆኗል። ሟቹ ከማጅራቱ ከፍ ብሎ ቆስሏል። ትንሽ ወዲያ ካለው የኮንክሪት ደፍ ላይ ደግሞ ደምና ጥቂት ፀጉር ተገኘ። የጃኬቱ ጀርባ አቧራ ብቻ ነው። ጉልበቱና መዳፉ ግን ንጹሕ ነበሩ።

ሳጅኑ ቀልዱን አቆመ። «ከኋላ ነው የተመታው» አለ።

ኢንስፔክተሯ ያንን ንጹሕ ጉልበት ነበር የምታየው።

*

ሟቹ መስታወት ቆራጭ ነበር። የሥራ ቦታውና ቤቱ አንድ ላይ ናቸው፤ ታች መቁረጫው ጠረጴዛ፣ ላይ መኖሪያው። ሚስቱ መርዶውን ቆማ ሰማች። ካለቀሰች በኋላ ስለ ጎማው ስትጠየቅ፣ «የማን ጎማ?» አለች።

ባለቤቷ እሑድ እሑድ በጠዋት የሚወጣው አንድ አዲስ ሕንፃ ላይ የመስኮት ልክ ለመውሰድ እንደሆነ ነበር የሚነግራት። እሷ ደግሞ በዚያ ሰዓት ገበያ ትሄዳለች። ሞተር፣ ብስክሌት፣ በጎማ የሚሄድና በር የሌለው ነገር ሁሉ በዚህ ቤት የተከለከለ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ በሞተር ሳይክል ነው የሞተው። ባለቤቷ አንድም ቀን ቃሏን አላፈረሰም አለች። ይህንን ስትናገር ድምፁ የሚሰማት ይመስል ወደ ደረጃው ታይ ነበር።

ልጃቸው ግድግዳው ሥር ቆማለች። ሚጡ ነው የሚሏት፤ ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው። ከአባቷ ጋር መስታወት ትሸከማለች፤ ቤት ለቤት እየዞረች ልክ የምትወስደውም እሷ ናት። ረጅም ቀሚስ ለብሳለች፤ ፊቷ እንደ ጠመኔ ነጥቷል። የት እንደነበረች ስትጠየቅ «ተኝቼ» አለች። እናቷም ከገበያ ስትመለስ እስከ አናቷ ተሸፋፍና እንዳገኘቻት መሰከረች።

ልጅቷ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ስታገኙት ብቻውን ነበር?»

ኢንስፔክተሯ ብቻውን እንደነበረ ነገረቻት። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣች፤ በደረጃው ላይ አንድ እግሯን ትጎትት ነበር።

እናትየዋ ፖሊሶቹን እስከ በር ሸኘቻቸውና የኢንስፔክተሯን ክንድ ያዘች። «የኔ እህት፣ ልከፍልሽ የምችለው ነገር የለኝም፤ የማውቀው ትልቅ ሰውም የለም። ብቻ ያደረገውን ሰው አምጪልኝ። ፊቱን ልየው።»

ኢንስፔክተሯ ቃል መግባት አትወድም። የዚያን ቀን ግን ራሷን ነቀነቀች።

*

ሐኪሙ ሬሳውን መርምሮ ያገኘውን በቀስታ ነገራት። አንድ ምት ብቻ ነው፤ ሌላ የድብደባ ምልክት በሰውነቱ ላይ የለም፤ ክንዱም፣ ጎኑም፣ እግሩም ደህና ነው። ምቱ የራስ ቅሉን ሰንጥቆ ከውስጥ ደም አጠራቅሟል፤ የተጠራቀመው ግን ቀስ እያለ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ተነሥቶ ይቆማል፣ ያወራል፣ ይቀልዳል። ከዚያ ራሱን ያመዋል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፤ ይቀመጣል።

«ማንም ጎትቶ አላስቀመጠውማ» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ራሱ ሄዶ ነው የተቀመጠው።»

«ሰው ቢደርስለት ኖሮስ?»

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ጠራረገ። «ቶሎ ቢመጣልን፣ ምናልባት» አለ። ተመትቶ ነው፣ ተገፍትሮ ነው ወይስ ወድቆ የሚለው ግን ከቁስሉ እንደማይለይ ነገራት።

የጎማውን ሻጭ ለማግኘት አልተቸገሩም። ሰፈሩ ሁሉ «ባለጎማው» የሚለው ቀጭን ወጣት ነው፤ ይሸጣል፣ ይጠግናል፣ ያስተምራል። ሱቁ ግድግዳ ላይ በትልልቁ «ያለ ሄልሜት አይነዳም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። የሟቹን መሞት ሲሰማ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። «ጋሼ?» አለ። «ጋሼ መስታወቱ?»

ጎማውን ለጋሼ መሸጡን አመነ። ሳጅኑ፣ ሰውዬው ከጎማው ወድቆ ጭንቅላቱን ከኋላ ተመትቶ ይሆን ወይ ብሎ ሲጠይቀው ሳያመነታ፣ «አይሆንም» አለ። «በዚህ ጎማ የሚወድቅ ሰው በፊቱ ነው የሚደፋው። መዳፉ ይላጣል፣ ጉልበቱ ይላጣል። በጀርባው የወደቀ ተማሪ አላየሁም።»

እውነቱን ነው የተናገረው። ይህ እውነት ግን መልሶ ራሱን አነቀው። የሟቹ መዳፍ አልተላጠም፤ ስለዚህ አልወደቀም፤ ካልወደቀ ሰው መትቶታል። ዘበኛውም ቆቡን እያዟዟረ ሌላ ነገር አስታወሰ። ባለፈው እሑድ ባለጎማውና ሟቹ ላይኛው ወለል ላይ ሲጨቃጨቁ ሰምቷል፤ ወጣቱ «በዚህ ዓይነት ትሞታለህ!» እያለ ሲጮህ ድምፁ እስከ በሩ ወርዷል። የሞተበት ጠዋት ማን ገባ፣ ማን ወጣ ሲባል ግን ሟቹን በዋናው በር አስገባ እንጂ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ሸለብ እንዳደረገው ተናዘዘ። የኋላው ደረጃ ደግሞ ቁልፍ የለውም፤ ካሜራውም ከተበላሸ ቆይቷል።

ባለጎማውን የት ነበርክ አሉት። «ሱቄ ውስጥ» አለ። የጎረቤት ባለሱቆች ግን የዚያን ጠዋት መዝጊያው አልተነሣም አሉ። ስለ ጭቅጭቁ ሲጠየቅ «አልተጨቃጨቅንም» አለ። አሰሩት።

*

እናትና ልጅ በየቀኑ ጣቢያ መምጣት ጀመሩ። ደጅ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ማንንም አያስቸግሩም። እናትየዋ «አመነ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ገና ነው ሲሏት «እጠብቃለሁ» ትላለች። አንድ ቀን ባለጎማውን ከክፍል ወደ ክፍል ሲያዛውሩት በፊታቸው አለፈ። እናትየዋ ብድግ አለች። አልተሳደበችም፤ አልጮኸችም። ፊቱን ብቻ አየችው፣ ልብስ የምትለካ ይመስል ከላይ እስከ ታች። ኢንስፔክተሯ ግን ያየችው ልጅቷን ነው። ሚጡ አንገቷን ደፍታ የቀሚሷን ጫፍ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ነበር፤ እንደ ተናደደ ሰው ሳይሆን እንደ ተያዘ ሰው።

«ሰው ሲያዝን መልኩ ብዙ ነው» አለ ሳጅኑ፣ ነገሩን ስትነግረው።

«ይሆናል» አለች።

አለቃቸው መዝገቡ ይዘጋ ይላል። ዛቻ አለ፣ የውሸት ቃል አለ፣ ሌላ ምን ይፈለጋል? ኢንስፔክተሯ መዝገቡን ሳትዘጋ ይዛ ወጣች።

ወደ እስረኛው ክፍል የወረደችው ከሰዓት በኋላ ነው። ሙቀት ነበር። ባለጎማው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። የቀኝ ባቱ የውስጥ በኩል በልዞ ጠቁሯል።

«ማነው የመታህ?» አለችው ደንግጣ፤ ከጣቢያው ሰው አንዱ የነካው መስሏት።

ባለጎማው እግሩን አይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ጎማው ነው እንጂ ሰው አይደለም። ሁላችንም አለብን። መጀመሪያ አንድ እግር ይረገጣል፤ ጎማው እንዳያጋድል ባት ላይ ይደገፋል፤ እየተደገፈ ያበልዛል። ሳይበልዝ የተማረ ሰው የለም።»

«ማንም?»

«ማንም። እናቴ ብትሆን።»

ኢንስፔክተሯ ትኩር ብላ አየችው። የሐኪሙ ቃል ጆሮዋ ውስጥ መጣ፤ ክንዱም፣ ጎኑም፣ እግሩም ደህና ነው። ያ ጠብቆ ያጠረ የሄልሜት ማሰሪያም ትዝ አላት፤ የሟቹ ትልቅ ጭንቅላት በጭራሽ አይገባበትም።

ወለሉ ላይ ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች። «ጋሼ አልነበረም የሚማረው» አለችው።

ባለጎማው የሰበሰበውን ሱሪ ወደ ታች ለቀቀ። ከዚያ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ወጣ። ጋሼ ጎማውን የገዛው ለሌላ ሰው ነው፤ ለማን እንደሆነ ሲጠየቅ ይስቃል እንጂ አይናገርም። ተማሪውን ይዞት አልመጣም፤ ማስተማርን መማር ነበር የፈለገው። ባለጎማው በጎማው ላይ እንደ ጀማሪ እየቆመ፣ ጋሼ እንዴት እንደሚይዝ ይለማመድ ነበር። የተጣሉት እዚያ ላይ ነው። ጀማሪን የሚይዝ ሰው ከጎን ነው የሚሄደው፤ ተማሪው ትከሻውን ይደገፋል። ጋሼ ግን ከፊት እየሆነ፣ ሁለት እጅ ይዞ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ ነበር የሚጎትተው።

«ጎማው ወደ ፊት ስትዪ ይሄዳል፣ ወደ ኋላ ስትዪ ይቆማል» አለ ባለጎማው፣ በመዳፉ እያጋደለ እያሳያት። እርስዎ ማለቱን ረስቶታል። «ጀማሪ ሲደነግጥ ወደ ፊት ይጎነበሳል፤ ጎማው ደግሞ ፍጠን የተባለ ይመስለዋል። ከፊቱ ያለ ሰው ምን ይሆናል? ነገርኩት። ለመንኩት። ‹ልጄ፣ እድሜዬን ወደ ኋላ ስራመድ ነው የኖርኩት› ብሎ ሳቀብኝ። ያኔ ነው የጮህኩበት።»

«ለምን ይህን መጀመሪያ አልነገርከኝም?»

«ትሞታለህ ብዬው ሞተ። ማን ያምነኛል?»

የዚያን ጠዋት የት እንደነበረ ደግሞ አፈር እየመሰለ ተናገረ። ከሌሎች ነጂዎች ጋር ከከተማው ወጣ ባለው ሰፊ መንገድ ላይ እሽቅድምድም ነበር፣ ክልክል በሆነ ፍጥነት፣ ሄልሜቱን ሱቅ ረስቶ። አንዱ ጓደኛው በስልኩ ቀርጾታል። ሳጅኑ ሄዶ ምስሉን አየና ተመለሰ። «እሱ ነው» አለ። «ፀጉሩ በንፋስ ቆሟል። ግድግዳው ላይ የለጠፈውን ጽሑፍ ወስጄ ግንባሩ ላይ ልለጥፍለት ነው።»

ኢንስፔክተሯ አልሳቀችም። ሚጡ ስትጎትተው ከነበረው እግርና ከጨመደደችው የቀሚስ ጫፍ ጋር በሐሳቧ ስትታገል ነበር።

*

መስታወት ቤቱ ሲደርሱ እናትና ልጅ ሥራ ላይ ነበሩ። ሟቹ ለአንድ ትምህርት ቤት ቃል የገባው ትልቅ መስታወት ነበር፤ ቆርጦ ጨርሶታል፣ የቀረው ማስረከብ ብቻ ነው። መኪና ደጅ ቆሟል። ሳጅኑ ላግዛችሁ ሲል እናትየዋ በእጇ አቆመችው።

«አይሆንም፣ ወንድሜ። ይህን ነገር የማያውቅ ሰው ከያዘው ይቆርጠዋል።»

ጓንቷን እያጠለቀች ለኢንስፔክተሯ አስረዳቻት። ሰው ሲያገኝ ማውራት ያሳርፋት ነበር። ትልቅ መስታወት ሁለት ሰው ነው የሚሸከመው። አንዱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ አንዱ ወደ ኋላ። ወደ ኋላ የሚሄደው ዞሮ አያይም፤ ከዞረ መስታወቱ ይጠማዘዛል። የሚያይለት ባልደረባው ነው። ያኛው «ቁም» ካለ ይቆማል፤ ለምን ብሎ አይጠይቅም፣ አንድ እርምጃ አይጨምርም፤ እግሩ የትም ይሁን የት ባለበት ይተከላል።

«እሱ ከሌላ ሰው ጋር አይሸከምም ነበር፤ ከሚጡ ጋር ብቻ ነው» አለች። «ሕፃን ሆና ነው የጀመረችው። ድምፅዋን ከሰማ ግድግዳ ነው የሚሆነው። ‹የሷን ቁም ሰምቼ ያልቆምኩ ቀን ሞቻለሁ ማለት ነው› ይል ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ዞር ብላ የልጅቷን ረጅም ቀሚስ አየች።

እናትየዋ የባሏን ቦታ ያዘች፤ ጀርባዋን ለበሩ ሰጠች። ልጅቷ ከፊት ለፊቷ ቆመች። በመካከላቸው ያለው መስታወት የሌለ ይመስል ነበር፤ ሁለት ሴቶች አየር ተሸክመው ቀስ እያሉ የሚሄዱ። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ። እናትየዋ ዓይኗን ከልጇ ፊት ላይ አልነቀለችም። የበሩ ደፍ ተረከዟ አጠገብ ደረሰ።

የልጅቷ ከንፈር ተከፈተ። ድምፅ አልወጣም።

የእናትየዋ ተረከዝ ደፉን መታ። ተንገዳገደች፤ የመስታወቱ ጠርዝ የብረቱን ፍሬም ነካ፣ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፣ ፈሰሰ።

ማንም አልተጎዳም። እናትየዋ ባዶ እጇን እንደ ዘረጋች ቀረች።

«ምነው ሚጡ?» አለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ግራ ገብቷት ነበር። «ምነው ቁሚ አላልሽኝም?»

ልጅቷ ስብርባሪው መሀል ቁጭ አለች። ኢንስፔክተሯ ሄዳ አጠገቧ ተንበረከከች፤ ትልልቁን ስብርባሪ ከቀሚሷ ላይ አንሥታ ወደ ጎን አደረገች። ሰውን ስትመረምር ድምፅዋ ዝቅ የሚል ሴት ናት፤ አሁን ጭራሽ ሹክሹክታ ሆነ።

«ሁለት እጅሽን ይዞሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ወደ ኋላ እየሄደ?»

«አዎ።»

ልጅቷ የቀሚሷን ጫፍ ራሷ ገለጠች። የግራ ባቷ የውስጥ በኩል ጠቁሮ ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኗል። እናትየዋ አየችው። ምን እንደሆነ አላወቀችም፤ ግን ወደ ግድግዳው ሸሽታ ተደገፈች።

ልጅቷ ቀስ በቀስ ተናገረች። ልክ ስትወስድ ውላ እግሯ ሲያብጥ አባቷ አይቶ ነው ጎማውን የገዛላት። ሄልሜት አንድ ብቻ ነው የገዛው፤ ለሷ። ጎበዝ እስክትሆን ለእናቷ አይነገርም፤ አንድ ቀን ቀጥ ብላ በደጁ ስታልፍ እናቷ በመስኮት ታያታለች፣ ያኔ ትቆጣለች፣ ከዚያ ትስቃለች። እንዲህ ነበር ያሰቡት። የዚያን ጠዋት ደህና ሄደች። ሩቅ እዪ ሲላት ሩቅ አየች። ከዚያ ከኋላው ያለውን የኮንክሪት ደፍ አየችው።

«ሊደናቀፍ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ጎማው ፈጠነብኝ። ቁም አልኩ» አለች። «ለሱ ይሁን ለጎማው አላውቅም። መቆም የነበረበት ጎማው ነው። የቆመው ግን እሱ ነው። እጄን ለቆ ዘወር ቢል ኖሮ ለብቻዬ ነበር የምወድቀው። ቁም ስላልኩት ቆመ። ላዩ ላይ ሄድኩበት።»

በጀርባው ወድቆ ጭንቅላቱ ደፉን መታ። እሷ ላዩ ላይ ወደቀች፤ ምንም አልሆነችም። አባቷ ራሱ ተነሣ። ጭንቅላቱን አሸት አሸት አድርጎ ሳቀ። የልብሷን አቧራ አራገፈላት፤ የራሱን ረሳው። ሄልሜቷን ፈታላት። እናትሽ ከገበያ ሳትመለስ ቤት ግቢ፣ እኔ ትንሽ አረፍ ልበልና ጎማውን አስቀምጬ እመጣለሁ አላት። በኋላው ደረጃ ስትወርድ ከላይ ሆኖ ጠራት።

«ምን አለሽ?» አለች እናትየዋ። ከወደ ግድግዳው የመጣው ድምፅ የሷ አይመስልም ነበር።

«‹መውደቄን ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፤ እድሜ ልኳን ትስቅብኛለች› አለኝ።»

ኢንስፔክተሯ አንገቷን ደፋች። ልጅቷ የዋሸችው ራሷን ለማዳን አልነበረም፤ የአባቷን የመጨረሻ ቃል ስታከብር ነበር። እሷ ከሄደች በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ እንደመታው ለራሷ ነግራ ነበር። ባለጎማው ሲታሰር አምናው ነበር፤ ማመን ስለፈለገች። ፊቱን ስታይ ግን ማመን አቃታት።

«ሐኪም ቤት ብወስደው ኖሮ ይድን ነበር?» አለች ልጅቷ፣ ቀና ብላ።

ሳጅኑ ወደ ደጅ ወጣ። ኢንስፔክተሯ የሐኪሙን የተጠረገ መነጽር አስታወሰች፤ «ምናልባት» ያለበትን ድምፅ አስታወሰች። በሥራዋ ዘመን ለማንም ዋሽታ አታውቅም።

«እሱን ሐኪሙም አያውቅም» አለች።

እናትየዋ ከግድግዳው ተላቀቀች። ገዳዩን አምጪልኝ ያለች ሴት፣ ፊቱን ልየው ያለች ሴት፣ በስብርባሪው ላይ እየረገጠች መጥታ የልጇን ፊት ጓንት ባጠለቁ ሁለት እጆቿ ያዘች። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጓንቶቹን አወለቀችና በባዶ እጇ ደግማ ያዘችው።

«ምን ያስቀኝ ነበር?» አለች። «ምኑ ያስቀኝ ነበር፣ ሚጡዬ?»

*

ባለጎማው በማግስቱ ተፈታ። ሄዶ ግድግዳው ላይ ካለው ጽሑፍ ሥር «ጀማሪ ከፊት ቆሞ አይያዝም» ብሎ ጨመረ። ኢንስፔክተሯ መዝገቡን «አደጋ ነው» ብላ ዘጋችው። ጎማውንና ሄልሜቱን ለቤተሰቡ መለሰች፤ እናትየዋ ተቀብላ የት እንዳስቀመጠችው ማንም አልጠየቃትም። ትምህርት ቤቱ መስታወቱን ከሌላ ቦታ አሠራ። ሁለቱ ሴቶች ሱቁን አልዘጉትም። ከዚያ ወዲህ ግን ትልቅ መስታወት አይቀበሉም፤ አንድ ሰው ለብቻው ሊሸከመው የሚችለውን ያህል ብቻ ነው የሚቆርጡት።